ድምፅ የተሰጠበት ትዝታ

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2013 በሺዎች የሚቆጠሩ ሩንስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ጌም ተጫዋቾች በገዛ ፈቃዳቸው ደሃ ሆኑ። ለዓመታት ያካበቱትን ወርቅና ትጥቅ ትተው፣ ለምብሪጅ በምትባለው የመነሻ ከተማ ባዶ እጃቸውን ተሰበሰቡ። ሁሉም ሌቭል 3፣ ማለትም ጀማሪ ናቸው። ከከተማዋ ዳር ባለው እርሻ አንዲት ዶሮ ለመግደል እንኳ ግፊያ ነበር። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ይህን ቀን ድምፅ ሰጥተው ያስመጡት ራሳቸው ናቸው። (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወንድማማቾቹ አንድሩና ፖል ጋወር እንግሊዝ አገር የሠሩት ሩንስኬፕ የተከፈተው በ2001 መጀመሪያ ነው። በብራውዘር የሚሠራ፣ መሠረታዊ ክፍሉም በነፃ የሚገኝ ስለነበር ጌም የመግዣ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ሁሉ በትምህርት ቤት ኮምፒውተር ሳይቀር ይገባበት ነበር። ዛፍ መቁረጥ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ማዕድን መቆፈርና ያገኙትን መነገድ የዚያ ዓለም ኑሮ ነው። የካምብሪጁ ጃጌክስ ኩባንያም ስሙ የገነነው በዚሁ ጌም ነው።

ትልቁ ቅሬታ የተነሣው በ2007 መጨረሻ ነው። የጌሙን ወርቅ በእውነተኛ ገንዘብ የሚቸበችቡ ሰዎች በተሰረቀ ክሬዲት ካርድ አባልነት እየገዙ ኩባንያውን አስቸገሩት። ጃጌክስ በዲሴምበር የእነርሱን በር ለመዝጋት ሲል ነፃ ንግድን ገደበ። ተጫዋቾች እየተገዳደሉ የሚዘራረፉበትን ዊልደርነስ የተባለ ምድርም የቀድሞ መልኩን አሳጣው። መዘዙ ለንጹሐኑም ተረፈ፤ ለጓደኛ ውድ ዕቃ መስጠት እንኳ ቀረ። ገደቡ በ2011 በተጫዋቾች ድምፅ ቢነሣም ያኮረፈው አኩርፎ ሄዷል። በ2012 ደግሞ ሽልማት የሚያወጣ የዕድል መንኮራኩር መጣ፤ ተጨማሪ ዕድል በገንዘብ ይሸጥ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የውጊያው ሥርዓት ከሥር ከመሠረቱ ተለወጠ። ጠላትን አንዴ ክሊክ አድርጎ ከጓደኛ ጋር እየተጨዋወቱ ውጤቱን መጠበቅ ቀረና፣ ከተደረደሩ ቁልፎች ስልት እየመረጡ መዋጋት መጣ። ብዙ ሰው አባልነቱን ሰረዘ።

በፌብሩዋሪ 2013 የጃጌክስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማርክ ጌርሃርድ የጌሙ የኦገስት 2007 ባክአፕ መገኘቱን ይፋ አደረጉ። የንግድ ገደቡ ከመምጣቱ አራት ወር ቀደም ብሎ የተቀመጠ ቅጂ ነው። ይመለስ ወይስ ይቅር? ወደ 450 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ ተሰጠ፤ "ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ"ም የድምፅ መስጫው ጊዜ ሳያልቅ ተከፈተ።

አዲሱም ጌም ከድሮው ጎን ስለቀጠለ የተጫዋቾቹ ክፍፍል ከዚያ በኋላ መልክ ያዘ። አንዴ የከፈለ አባል ሁለቱንም መጫወት ይችላል፤ ወርቁ፣ ሌቭሉና ዕቃው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አይሻገርም። በአንዱ ዓለም የደከመ በሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። አብረው የኖሩ ወዳጆች ወይ አንዳቸው ሀብታቸውን መተው፣ ወይ መለያየት ነበረባቸው።

የድሮው ወገንም እርስ በርሱ ተከፈለ። ጃጌክስ ለኦልድ ስኩል አንድ ሕግ አውጥቶ ነበር፤ ከመራጩ 75 በመቶ ያልደገፈው አዲስ ነገር አይገባም (ኋላ ወደ 70 ወርዷል)። ለምሳሌ ገበያውን እንይ። በኦገስት 2007ቱ ቅጂ ገበያው የቫሮክ ከተማ ባንክ ደጃፍ ነው። ሻጭ ዋጋውን ከራሱ በላይ በሚታይ ቢጫ ጽሑፍ ደጋግሞ ይለፍፋል፤ ገዢ ይቀርባል፤ ይከራከራሉ፤ አጭበርባሪም አይጠፋም። በ2015 ግራንድ ኤክስቼንጅ የተባለው መገበያያ በድምፅ ሲገባ ዋጋ ሞልቶ መሄድ ሆነና ጫጫታው ረገበ። አንዱ እፎይ አለ፤ ሌላው የተመለሰበትን ምክንያት አጣ። በ2019 ደግሞ ዋርዲንግ የተባለ አዲስ የሙያ ዘርፍ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መራጭ ደግፎት ሳለ ወደቀ። የጥቂቶች እምቢታ የብዙኃኑን እሺታ ማሰር እንደሚችል ያኔ በግልጽ ታየ።

ያም ሆኖ ኦልድ ስኩልን በሕይወት ያቆየው ይኸው የድምፅ ሥርዓት ይመስለኛል። ሦስተኛ ሩንስኬፕም ነበረና ማነጻጸር ይቻላል። ጌሙ በ2004 ከታደሰ በኋላ የ2001ዱ ቅርጽ ለጥቂት ታማኞች ለብቻው ተጠብቆ ነበር። አዲስ ነገር አልታከለበትም፤ የጥገና መሣሪያዎቹም አረጁበትና ኦገስት 2018 ተዘጋ። "አሮጌ" ተብሎ የተመለሰው የ2007ቱ ግን በ2016 አዲስ ምድር ተጨመረለት፤ በ2018 በስልክ መጫወት ተቻለ፤ በ2025 የመርከብ ሙያ ገባበት። ዛሬ የተጫዋቹ ቁጥር ከአዲሱ ሩንስኬፕ በብዙ ይበልጣል። ትዝታ ሰዎቹን ጠርቷቸው ይሆናል፤ ያቆያቸው ግን የተናገሩት መሰማቱ ነው። ጃጌክስ በ2007ም በ2012ም ሳይጠይቅ ለውጦ ተጫዋች አጣ፤ እየጠየቀ መለወጥ ሲጀምር አሮጌው ጌም አዲሱን በለጠው።