«ወተት በጉንጬ»፦ የወሎ ማሽላና የፕሮቲን አሠራር

በደቡብ ወሎ ዞን የምትገኘው የአምባሰል ወረዳዋ ውጫሌ በይበልጥ የምትታወቀው በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። የወሎ ምድር በሥነ ምግብ ሳይንስም ስሙ የተመዘገበ መሆኑን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። ለዚህ ያበቁት አርሶ አደሮች «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» ብለው የሰየሟቸው የማሽላ ዝርያዎች ናቸው።

ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ የሚገነባው በሕዋስ ውስጥ፣ ራይቦዞም በሚባለው አካል ላይ ሲሆን፣ የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ የሚወስነው በዘር የሚወረሰው መመሪያ ነው። ለግንባታው 20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ያገለግላሉ። ከእነዚህም 9ኙን የሰው አካል ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ይኖርበታል።

የተበላው ፕሮቲን እንዳለ ወደ ሰውነት አይገባም። በጨጓራ አሲድና ፔፕሲን በተባለው ኢንዛይም መሰባበር ይጀምራል፤ በትንሹ አንጀት ከጣፊያ አጠገብ ካለው ቆሽት በሚመነጩ ኢንዛይሞች ተፈትቶ ወደ ደም ያልፋል። ሰውነትም የራሱን ፕሮቲን ዘወትር ያፈርሳል፣ መልሶም ይገነባል። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ በቀን ከ250 እስከ 300 ግራም የሚደርስ ፕሮቲን በዚህ ዑደት ያልፋል። ይህም በቀን ከሚበላው እጅግ የሚበልጥ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዘጠኙ አንዱ ሲያንስ ነው። አንዱ ከጎደለ ግንባታው በዚያው መጠን ይገታል፤ የተረፉት አሚኖ አሲዶችም በጉበት ተበታትነው ናይትሮጅናቸው ዩሪያ ሆኖ ከሽንት ጋር ይወጣል። በማሽላ ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን ነው። የማሽላ ፍሬ ፕሮቲን አብዛኛው ካፊሪን የሚባለውና ላይሲን የሌለው ለማለት የሚያስደፍር ዓይነት በመሆኑ፣ ማሽላን ብቻ የሚመገብ ሕፃን ሆዱ ቢሞላም እድገቱ ሊገታ ይችላል።

በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ራሜሽዋር ሲንግና ጆን አክስቴል ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተሙ። ከሁሉም በላይሲን ልቀው የተገኙት ሁለት ናሙናዎች ሲሆኑ ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። በተለመደው ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን 2 ግራም ያህል ብቻ የሆነው ላይሲን በእነዚህ ከ3 ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። የፕሮቲኑም መጠን ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ከአንድ ኪሎ እህል የሚገኘው ላይሲን በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። የወሎ ገበሬ ግን ስም ለማውጣት ቤተ ሙከራ አላስፈለገውም።

በዓለማያ የማሽላ ምርምርን ይመሩ የነበሩት ብርሃነ ገብረ ኪዳን የዝርያዎቹን ባህላዊ አመራረት አጥንተዋል። አርሶ አደሩ ከሌላው ማሽላ ጋር ቀላቅሎ በጥቂቱ ይዘራቸዋል፤ ፍሬያቸው በእሸትነቱ በእሳት ተለብልቦ ይበላል፤ ሲደርቅ ግን ይጨማደዳል፣ ክብደቱም ያንሳል። ምርታቸው ዝቅተኛ መሆኑ በስፋት እንዳይዘሩ አድርጓል። ሳይንቲስቶች ይህን ጉድለት በማዳቀል ለማስወገድ ለዓመታት ቢደክሙም ሥራው ቀላል አልሆነላቸውም።

ጥናቱ በታተመበት ዓመት ወሎ በከባድ ረሃብ ተመታች። ረሃብ በፕሮቲን ዑደት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግልጽ ነው፤ ምግብ ሲቋረጥ ሰውነት ለአንጎል የሚያስፈልገውን ስኳር ለማግኘት የራሱን ጡንቻ ወደ አሚኖ አሲድ ያፈርሳል፣ መተኪያ ግን የለውም።

የማሽላ ሌላው ጉዳይ አበሳሰሉ ነው። በውሃ ሲቀቀል የካፊሪን ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው ስለሚቆላለፉ ኢንዛይሞች በቀላሉ አይፈቷቸውም። ሊጡን ማብኳት ይህን ይቀንሳል፤ እንጀራ ከንፍሮ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የላይሲኑን እጥረት ደግሞ ከሽምብራ፣ ከአተር ወይም ከባቄላ የሚዘጋጀው ሽሮ ይሞላዋል። ጥራጥሬ ላይሲን የበዛበት ሆኖ ሜታዮኒን ያንሰዋል፤ ማሽላ በአንጻሩ ሜታዮኒን በተሻለ መጠን አለው። ለሕፃናት ገንፎ ዱቄት ሲዘጋጅም ከማሽላው ጋር ጥራጥሬ ቆልቶና ከክቶ አብሮ መፍጨት የሚመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።