ከቁራኛ እስከ ቡድን ዋስትና



ባለፈው በጋ የቆጋ ሽንኩርት ሁሉ በአንድ ሰሞን ተነቅሎ ገበያ ሲወጣ ዋጋው እንዴት እንደወደቀ ሁላችንም እናስታውሳለን። በማኅበራችን ብድር ዘርና ማዳበሪያ የገዛች አንዲት አባላችን የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍያዎች መክፈል አቃታት። የቡድኗ ሴቶች ከልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው ከፈሉላት። በስብሰባው ላይ አንዲት እኅት ተነሥታ «ላሟ ትሸጥና ገንዘባችን ይመለስልን፤ ካልበቃ የቤት ዕቃዋ ይጨመር» አለች። በክፋት አልነበረም፤ ከከፈሉት አንዷ እሷ ነበረች። ጉዳዩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እኔ ማታ መዝገቡን ስከፍት ግን ምንም ችግር አልታየኝም። ብድሩ ተከፍሎ ተዘግቷል። ለደጋፊዎቻችን በምንልከው ሪፖርት ላይ የብድር አመላለሳችን መቶ በመቶ ነው። መክፈል ያቃታት ሴት በየትኛውም ዓምድ ላይ የለችም። በኮሌጅ የተማርኩት ገንዘቡን መከተል ነውና ገንዘቡ ከገባ ሥራዬ አልቋል። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ፤ የጥንት ሰዎች መክፈል ያቃተውን ምን ያደርጉት ነበር፣ በየትኛውስ መዝገብ ይጽፉት ነበር ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

«በዓይነ ቁራኛ ጠብቂው» ስንል ቃሉ ከየት እንደመጣ አናስብም። ቁራኛ ማለት ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ሰንሰለት የታሰረ ሰው ነው። በድሮው ልማድ ዕዳውን ያልከፈለ ሰው ከአበዳሪው ጋር እጅ ለእጅ ይቆራኝ ነበር። ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ከመቶ ዓመት በፊት አገራችንን የጎበኙ ፈረንጆች ይህን ፎቶ አንሥተው በፖስታ ካርድ ሳይቀር አሳትመውታል። እንዲህ ባለ ፎቶ ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የትኛው አበዳሪ፣ የትኛው ባለዕዳ እንደሆነ ግን በመልካቸው መለየት ያስቸግራል። በሂሳብ ሠራተኛ ዓይን ካየነው ሰንሰለቱ ለሁለቱም ኪሳራ ነው። ባለዕዳው አርሶ እንዳይከፍል እጁ ተይዟል፤ አበዳሪውም የራሱን ሥራ ጥሎ ጠባቂ ሆኗል።

መሬት ያለው ሰው ሌላ መንገድ ነበረው። በእኛም በጎጃም ትልልቆቹ ስሙን አይስቱትም፤ ወለድ አገድ ይባላል። ባለዕዳው መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ እያረሰ ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስ መሬቱ ይመለሳል። ሲሰሙት መልካም ይመስላል። ነገር ግን መሬቱን አስረክቦ ዋናውን ከየት ያመጣል? ምርቱ ከዋናው ላይ አይቀነስም፣ ወለዱን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ ዕዳው ለልጅ ይተርፍ ነበር። ፍትሐ ነገሥት ወለድን ይከለክላል፤ ወለድ አገድ ግን ወለድን በእህል መልክ ሲያስገባ ኖረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በስሙ ጠርቶ ደንግጎታል።

እዚህ ላይ እኛን ሴቶችን የሚመለከት አንድ ነገር ላንሣ። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ውርስ በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ፣ ከምስክሮች ስም ጋር ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክራሚ የተባለው የታሪክ ተመራማሪ እነዚህን ጽሑፎች መርምሮ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ጎንደር ዘመን ሴቶችና መሬት አንድ ጥናት አሳትሟል። ሴቶች እዚያ በገዛ ስማቸው ባለመሬት፣ ሻጭና ገዢ ሆነው ተጽፈዋል። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ የዚያ ዘመን ሴት መሆናቸውን ሳስብ አልገረመኝም። ይሁን እንጂ ብራና ላይ የሚጻፈው መሬት ያለው ሰው ነው። ጠላ ለመጥመቅ ጌሾ ተበድራ የከሰረች ሴት በየትኛውም ኅዳግ ላይ አትገኝም።

የተጻፈ የኪሳራ ሕግ ያገኘነው በ1925 ዓ.ም. ነው፤ ከማኅበሮች ሕግ ጋር አብሮ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጣሊያን ገባ። ሰፊው ሕግ የመጣው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው፤ አምስተኛው መጽሐፍ ስለ ኪሳራና ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ስለመስማማት ይናገራል። የከሰረው ሰው ንብረት በአንድነት ተይዞ ለገንዘብ ጠያቂዎች በደንብ ይከፋፈላል፤ ከተስማሙም ጊዜ ይሰጠዋል። በኔ አስተያየት ከሰንሰለቱ እጅግ የተሻለ ነው። ነገር ግን በሩ የተከፈተው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ብቻ ነበር። ገበሬ፣ ዓሣ አጥማጅና የእጅ ባለሙያ እንደ ነጋዴ አይቆጠሩም። የቆጋ ሽንኩርት አምራች፣ የጣና ዓሣ አጥማጅ፣ የባሕር ዳር ሸማኔ በሕግ «ሊከስሩ» አይችሉም ማለት ነው፤ ዝም ብለው ባለዕዳ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ድርጅት ሳይፈርስ መልሶ የሚደራጅበትን መንገድ ጨምሯል፤ እሱም ቢሆን ንግግሩ ከነጋዴና ከንግድ ማኅበር ጋር ነው።

በሌላ አገር ቆጥረዋል። ጆን ሃዋርድ የሚባል እንግሊዛዊ በእንግሊዝና በዌልስ ያሉትን እስር ቤቶች እየዞረ መዝግቦ በ1777 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በቆጠራው 4,084 እስረኞች ተገኙ፤ ከእነዚህ 2,437 የታሰሩት በዕዳ ነው። 994 ከባድ ወንጀለኞች፣ 653 ቀላል ጥፋተኞች ነበሩ። (ደምሬ አይቻለሁ፣ ልክ ይመጣል።) ከአሥሩ እስረኛ ስድስቱ ሌባ ሳይሆን ባለዕዳ ነበር ማለት ነው። ሃዋርድ በዚህ አላቆመም፤ ለእያንዳንዱ ታሳሪ ወንድ በአማካይ ሁለት ጥገኞች፣ ሚስትና ልጆች ማለት ነው፣ እንዳሉት አሰላ። ከቁጥሩ ሁሉ ያቺ «ሁለት» ትበልጥብኛለች፤ በዕዳ ምክንያት ደጅ የቀሩትን ቆጥራለችና። እንግሊዞች በዕዳ ማሰርን በአብዛኛው ያስቀሩት በ1869 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቁጥሩ ከታተመ ከ90 ዓመት በላይ ቆይተው።

እኛ ዘንድ የሚቆጠረው ምንድን ነው? የመንደር አራጣ አይቆጠርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከመቶ 12 የሚበልጥ የዓመት ወለድ መዋዋልን ይከለክላል፤ መንደር ውስጥ «ከመቶ አሥር» ሲባል ግን በወር ነው። በዓመት 120፣ የሕጉ አሥር እጥፍ። አራጣ በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ስለሆነ ተበዳሪዋም አበዳሪውም አይናገሩም። የቡድን ብድርም በሌላ መንገድ ይሸሽጋል። አብቁተ፣ አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መያዣ የሌላቸውን ሰዎች እርስ በርስ ዋስ እያደረገ ሲያበድር ብዙ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው ተበድረዋል፤ እናቴ አንዷ ናት። እኛም ከዚያው ነው የተማርነው። ነገር ግን ጎረቤት ሲከፍል ብድሩ ይዘጋል፣ ዕዳው ደግሞ መዝገብ ወደሌለበት፣ ወደ ቡና ጠጪዎች መካከል ይገባል። ሰላምታ የተቋረጠባቸውን ቤቶች ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መሬቱም ተመልሶ መጥቷል። ሕገ መንግሥቱ መሬት አይሸጥም ይላል። በክልላችን አዋጅ ቁጥር 252/2009 ግን የመጠቀም መብትን ለብድር ማስያዝ ተፈቅዷል። ገንዘብ ለሚያስፈልጋት ጥሩ ዕድል ነው። የይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ስም አብሮ ያለበት ስለሆነ ግን እኅቶቼ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ወለድ አገድ ስሙን ቀይሮ ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ላሟ ልመለስ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ቁጥር 404፣ በፍርድ ባለዕዳ የሆነ ሰው እንኳ የማይወሰድበትን ይዘረዝራል፦ ልብሱ፣ የማብሰያ ዕቃው፣ አልጋውና የአልጋ ልብሱ፤ የሥራ መሣሪያው፤ ገበሬ ከሆነ ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብቶችና ዘር፤ ለቤተሰቡ የሦስት ወር ቀለብ። ጥገት ላም ከእነዚህ ትቆጠራለች ወይ የሚለው ያከራክራል። ድስቷና አልጋዋ ግን አያከራክሩም። ዳኛ ሊነካው የማይችለውን ዕቃ እኛ እኅቶቿ ከቤቷ ልናወጣ ነበር።

የከፈሉትም ሴቶች ገንዘባቸው ሊመለስላቸው ይገባል፤ ይህን አልክድም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። ከብድር ወለድ ገቢያችን ጥቂቱ በየወሩ ለመጠባበቂያ ይቀመጥና ቡድን ሲሸፍን ከዚያ ይተካላቸው፤ ባለዕዳዋም በአቅሟ ለመጠባበቂያው ትክፈል። ሁለተኛ፣ በመዝገቡ «በማን ተከፈለ» የሚል አዲስ ዓምድ ልጨምር። የአመላለስ መጣኔያችን በሪፖርት ላይ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ደጋፊዎቻችን ይህን አስቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ያለፉትን ዓመታት ለማስተካከል የእያንዳንዳችሁን ቁጠባ ደብተር ማየት አለብኝ፤ ስትመጡ ይዛችሁ ኑ።