በለንደን ግድግዳዎች ላይ የሚነበብ የሙስሊሞች ታሪክ

በለንደን ጎዳናዎች በእግሩ የሚጓዝ ሰው ቀና ብሎ ካየ፣ በብዙ ቤቶች ግድግዳ ላይ ክብ ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ ያገኛል። ሰሌዳው በዚያ ቤት ማን እንደኖረና በምን እንደሚታወቅ በጥቂት ቃላት ይናገራል። የመጀመሪያው በ1867 ለገጣሚው ባይረን ተሰቀለ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1986 ጀምሮ ሥራውን የሚመራው ኢንግሊሽ ሄሪቴጅ የተባለው ተቋም ነው። ሌሎች ሰሌዳዎችን ደግሞ የየአካባቢው ምክር ቤቶች ይሰቅላሉ።

ከእነዚህ መካከል ከሙስሊሞች ታሪክ ጋር የተያያዙና በግማሽ ቀን በእግር የሚዳረሱ ሦስት ሰሌዳዎችን መርጠናል።

1. ሜክለንበርግ አደባባይ፣ ቁጥር 21

ሰሌዳው ሰር ሰይድ አሕመድ ኻን ከ1869 እስከ 1870 እዚህ እንደኖሩ ይገልጻል። እኚህ ሕንዳዊ ምሁር ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ለንደን ሲመጡ ትልቅ ጉዳይ ነበራቸው። ዊልያም ሙር የተባለ ስኮትላንዳዊ ባለሥልጣን በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ላይ ለጻፈው መጽሐፍ መልስ ለመስጠት ማስረጃ ይፈልጉ ነበር። መልሳቸውም በ1870 በዚያው በለንደን ታተመ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1875 በአሊጋር የከፈቱት ትምህርት ቤት ዛሬ የአሊጋር ሙስሊም ዩኒቨርሲቲ ነው።

2. ታቪተን ጎዳና፣ ቁጥር 4

ከዚያ ወደ ምዕራብ ትንሽ እንደተጓዝን የኑር ኢናያት ኻንን ሰሌዳ እናገኛለን። የተሰቀለው በ2020 ነው። ኑር የሕንዳዊው ሙስሊም የሱፊ መምህር የኢናያት ኻን ልጅ ስትሆን፣ ከጦርነቱ በፊት ለሕፃናት ተረት ትጽፍ ነበር። በሰኔ 1943 የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆና በናዚ ወደተያዘችው ፈረንሳይ በድብቅ ተላከች። ባልደረቦቿ ወዲያው መያዝ ሲጀምሩ እንድትመለስ ብትጠየቅም እምቢ ብላ መልእክት ማስተላለፏን ቀጠለች። በጥቅምት ተያዘች፤ በመስከረም 1944 ዳካው በተባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ በ30 ዓመቷ ተገደለች። ሰሌዳው ይህን ሁሉ አይዘረዝርም። ስሟን፣ የሚስጥር ስሟን «ማደሊን»ን፣ ሥራዋንና በዚህ ቤት መቆየቷን ብቻ ይነግረናል።

3. ጆርጅ ጎዳና፣ ቁጥር 102

አሁንም ወደ ምዕራብ ስንሄድ የምናገኘው ሰሌዳ አረንጓዴ ነው፤ የዌስትሚንስተር ከተማ ምክር ቤት በ2005 የሰቀለው። ፓትና ውስጥ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለደው ሼክ ዲን ሙሐመድ በ1810 «ሂንዱስታን ቡና ቤት»ን የከፈተው እዚህ ቦታ ላይ ነበር። በለንደን በሕንዳዊ የተከፈተ የመጀመሪያው የሕንድ ምግብ ቤት መሆኑ ይነገርለታል። ቅመም የበዛበት ወጥና ሺሻ ቢያቀርብም ከሁለት ዓመት በኋላ ከሰረ። ቆይቶ ብራይተን በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ የእንፋሎት መታጠቢያና የማሸት አገልግሎት ከፍቶ ታዋቂ ሆነ፤ ሁለት የእንግሊዝ ነገሥታትንም አገልግሏል። ዛሬ «ሻምፑ» የምንለው ቃል ያኔ ማሸት ማለት ነበር፤ መነሻውም ሕንድ ነው። ሰሌዳው የማይናገረው ሌላም ነገር አለ፦ ሰውየው አየርላንድ ሳለ ከአንዲት ክርስቲያን ጋር ሲጋባ ወደ ክርስትና ገብቷል። ታሪክን ስናነብ የሚያስደስተንንም የማያስደስተንንም እንዳለ መቀበል ይኖርብናል።

ሰሌዳ እንዴት ይሰቀላል?

ለኢንግሊሽ ሄሪቴጅ ማንኛውም ሰው ጥቆማ ማቅረብ ይችላል። ሰውየው ከሞተ ቢያንስ 20 ዓመት ሊሞላው፣ የኖረበትም ቤት እስከ ዛሬ ሊቆም ይገባል። ስለዚህ ቤቱ ሳይፈርስ ማስታወስ ያስፈልጋል። ያላስታወስነውን ሌላ ሰው ያስታውስልናል ብለን መጠበቅ አንችልም።

ጉዞው የዙህር ሶላት ሰዓት ላይ ካበቃ፣ ከጆርጅ ጎዳና ወደ ሰሜን በእግር ሄዶ ሪጀንትስ ፓርክ አጠገብ ባለው የለንደን ማዕከላዊ መስጊድ መስገድ ይቻላል። ለንደን የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በእረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ መልካም ነው።