ስትሮክ፦ ምልክቱን መለየትና ሰዓቱን መያዝ

በስብሰባ ላይ ያለ አንድ ኃላፊ ንግግሩ በድንገት ቢኮላተፍና የያዘው ብዕር ከእጁ ቢወድቅ በዙሪያው ያሉ ባልደረቦቹ ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ግምት "ድካም ነው"፣ አለያም "ምች መታው" የሚል ነው። ዳማከሴ ሲፈለግ ወይም "ጥቂት ይረፍ" ሲባል የሚባክነው ጊዜ ግን ሕመምተኛውን ከሞት ወይም ከዘለቄታዊ የአካል ጉዳት ሊታደገው ይችል የነበረ ጊዜ ነው።

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ የሚደርስ ጉዳት ነው። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው የደም ሥር በረጋ ደም መደፈን ሲሆን፣ አንዳንዴ ደግሞ የደም ሥሩ ተቀዶ ደም ወደ አንጎል ይፈስሳል። የሁለቱ ሕክምና የተለያየ በመሆኑ በሲቲ ስካን ምርመራ ሳይለይ አስፕሪን መስጠት ሕመምተኛውን ለከፋ አደጋ ሊዳርገው ይችላል።

ምልክቶቹን ለመለየት የሕክምና ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ሕመምተኛው ፈገግ እንዲል ሲጠየቅ የፊቱ አንድ ወገን ይወርዳል፤ ሁለቱን እጆቹን እንዲያነሳ ሲጠየቅ አንደኛው ይዝላል፤ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲደግም ሲጠየቅ ቃላቱ ይኮላተፋሉ ወይም ይጠፉበታል። ድንገተኛ የዓይን መጋረድ፣ ሚዛን መሳትና ከዚህ ቀደም ያልታየ ኃይለኛ ራስ ምታትም ከምልክቶቹ ይቆጠራሉ። ፊት ሲጣመም "ብርድ መታው" ማለት የተለመደ ቢሆንም ልዩነቱን የመለየቱ ሥራ ለሐኪም ሊተው ይገባል። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋም እንኳ በቀጣዮቹ ቀናት ከባዱ ስትሮክ ሊከተል ስለሚችል በዚያው ዕለት መመርመር የግድ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚዘነጋው ሰዓቱን መመዝገብ ነው። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ጠቀሜታ እ.ኤ.አ በ1995 ይፋ በሆነ ጥናት ሲረጋገጥ የተቀመጠው ገደብ 3 ሰዓት ነበር፤ በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ገደቡ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ሊራዘም እንደሚችል አሳይቷል። ስለሆነም ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው "ለመጨረሻ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ የታየው መቼ ነው?" የሚል ይሆናል። ሕመሙ ከእንቅልፍ ሲነቃ የታየ እንደሆነ የሚቆጠረው ከመተኛቱ በፊት ደህና ከነበረበት ሰዓት ጀምሮ ነው። መዋጥ ሊያቅተው ስለሚችል ምግብም ሆነ ውሃ አይሰጠውም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

በአገራችን ይህን ሕክምና መስጠት የሚችሉ ተቋማት ጥቂት በመሆናቸው የመከላከሉ ሥራ ይበልጥ ክብደት ያገኛል። ከሚወገዱ መንስኤዎች ቀዳሚው የደም ግፊት ሲሆን፣ ያለምንም የሕመም ስሜት ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል በመለካት ብቻ ይታወቃል። በተደጋጋሚ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሚለካ ሰው ሐኪም ማማከር ይኖርበታል። ብዙዎች "ተሽሎኛል" በማለት መድኃኒቱን ያቋርጣሉ። በጾም ወቅትም የመዋጫ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሎ መቀጠል እንጂ ማቋረጥ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ከገባባቸው፣ ወጡ ላይ በድጋሚ ሲጨመር ከዚህ መጠን ማለፍ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ የቢሮ ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይመከራል። ሲጋራን በተመለከተ በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታ ቅጥር ውስጥ ማጨስን የከለከለ በመሆኑ አፈጻጸሙ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ድርሻ ነው።

የስኳር ሕመምና የልብ ምት መዛባትም ክትትል ይሻሉ። በልጅነት በደረሰ የጉሮሮ ሕመም መዘዝ የልባቸው ቫልቭ የተጎዳ ወጣቶች ለስትሮክ የተጋለጡ በመሆናቸው፣ ምልክቱ የ30 ዓመት ሠራተኛ ላይ ቢታይም "ለዚህ ገና ልጅ ነው" ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።