በአሜሪካ በተማሪ ቪዛ ላሉ ወንድምና እህቶች፦ የታክስ አሞላል

በኤፍ-1 ወይም በጄ-1 የተማሪ ቪዛ አሜሪካ የሚማር ሰው በየዓመቱ ለአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ቅጽ ሞልቶ መላክ አለበት። በዚህ ላይ ተማሪዎች በብዛት የሚሠሯቸው ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «ሥራ ስላልሠራሁ አይመለከተኝም» ብሎ መተው ነው። ሁለተኛው ለዜጎችና ለነዋሪዎች የተዘጋጀውን ቅጽ ሞልቶ የማይገባን ሪፈንድ መቀበል ነው። ይህኛው ከሕግም አልፎ የሰው ሐቅ ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነዋሪ ወይስ ነዋሪ ያልሆነ?

የአሜሪካ የግብር ሕግ የውጭ ዜጎችን «ነዋሪ» እና «ነዋሪ ያልሆነ» ብሎ ለሁለት ይከፍላቸዋል። በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት አሜሪካ የቆየባቸው ቀናት ስለማይቆጠሩበት፣ በአብዛኛው በግብር ሕጉ ዘንድ ነዋሪ አይደለም። ጥቂት ቀን ብቻ የቆየበት ዓመትም እንደ አንድ ሙሉ ዓመት ይያዛል። ለምሳሌ በኦገስት 2023 የገባ ተማሪ 5 ዓመቱን የሚጨርሰው በ2027 መጨረሻ ነው። ከ2028 ጀምሮ ቀናቱ ይቆጠራሉ፤ በዚያ ዓመት 183 ቀን ከቆየ በአብዛኛው ነዋሪ ይባላል። ከዚህ በፊት በተማሪ ቪዛ ቆይቶ ከነበረ ያም ይደመራል።

የትኛው ቅጽ ይሞላል?

1. ምንም ገቢ ያልነበረው ተማሪ ቅጽ 8843ን ብቻ ይሞላል። በጥገኝነት ቪዛ አብረውት ያሉ ባለቤቱና ልጆቹም እያንዳንዳቸው ይህ ቅጽ ይሞላላቸዋል። ቅጹ ብቻውን ሲሆን ታትሞና ተፈርሞ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ወደሚገኘው የአይአርኤስ ማዕከል በፖስታ ይላካል። የመጨረሻው ቀን ጁን 15 ነው።

2. ደመወዝ ያገኘ ተማሪ ቅጽ 1040-ኤንአር ይሞላል፤ 8843ንም ያያይዛል። ከደመወዙ ግብር የሚቆረጥ ከሆነ የመጨረሻው ቀን ኤፕሪል 15 ነው።

3. ግብር የሚከፈልበት ስኮላርሺፕ ያለው ተማሪም እንዲሁ 1040-ኤንአር ይሞላል። ለትምህርት ክፍያና ለትምህርቱ ግዴታ ለሆኑ መጻሕፍትና ዕቃዎች የተሰጠ ገንዘብ ግብር የለበትም። ለመኝታ፣ ለምግብና ለጉዞ የተሰጠው ግን ግብር አለበት፤ ብዙ ጊዜም ዩኒቨርሲቲው 14 በመቶ ቀድሞ ይቆርጣል።

አሠሪው የደመወዙን ማስረጃ ደብልዩ-2ን እስከ ጃንዋሪ 31፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የስኮላርሺፑን ማስረጃ 1042-ኤስን እስከ ማርች 15 መስጠት አለባቸው። ስለዚህ ሁለቱም የሚመለከቱት ተማሪ ደብልዩ-2 ስለደረሰው ብቻ ቸኩሎ መላክ የለበትም።

ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት የላትም። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ጓደኛ በአገሩ ስምምነት ያገኘው ቅናሽ ለኢትዮጵያዊ ተማሪ አይሠራም።

ትልቁ ስሕተት

በማስታወቂያ የምናውቃቸው ብዙዎቹ የታክስ ፕሮግራሞች የሚያዘጋጁት የነዋሪዎችን ቅጽ 1040 ነው። ይህ ቅጽ ለሁሉም የሚሰጥ ቋሚ ቅናሽ አለው። ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ ግን ይህ ቅናሽ አይገባውም፤ በስምምነት የተፈቀደላቸው የህንድ ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ለተማሪዎች የሚሰጠው የትምህርት ክሬዲትም በአብዛኛው አይመለከተውም።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። በ2024 ለአንድ ላላገባ ሰው ቋሚ ቅናሹ 14,600 ዶላር ነበር። አንድ ተማሪ በዚያ ዓመት ካምፓስ ውስጥ ሠርቶ 10,000 ዶላር ቢያገኝ፣ በ1040 ሲሞላ ግብሩ ዜሮ ይሆንና የተቆረጠበት ሁሉ ይመለስለታል። በትክክለኛው ቅጽ ሲሞላ ግን ሌላ ተቀናሽ ከሌለው ወደ 1,000 ዶላር ግብር አለበት። ያ 1,000 ዶላር የእሱ አይደለም።

«ፕሮግራሙ ነው የሰጠኝ»፣ «ጓደኞቼ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚሞሉት» ሲባል ይሰማል። ቅጹ ላይ ግን የሚፈርመው ተማሪው ነው፤ ፊርማውም «የጻፍኩት እውነት ነው» የሚል፣ በሐሰት ቢገኝ በሕግ የሚያስጠይቅ ቃል ነው። በሸሪዓችንም በቪዛ ወደ አንድ አገር የገባ ሰው ቃል ኪዳን እንደገባ ይታያል፤ በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያም ውላችንን እንድንሞላ ታዘናል። ስለ ግብር የዑለማዎች ንግግር ሰፊ ነው። ሐሰት ጽፎ የማይገባን ገንዘብ መውሰድ ግን ከፋዩ ሙስሊም ስላልሆነ ወይም መንግሥት ስለሆነ ሐላል አይሆንም።

ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው መንገዱ አልተዘጋበትም። በቅጽ 1040-ኤክስ ላይ ትክክለኛውን 1040-ኤንአር አያይዞ ይልካል፤ የወሰደውን ልዩነትም ይመልሳል። ሐቅን መመለስ የተውበት አካል ነው። ግሪን ካርድ በሚጠየቅበት ጊዜም የታክስ ታሪክ ሊታይ ስለሚችል ቀድሞ ማስተካከሉ ይበጃል።

የራስን መብት ማወቅ

ሐቅ ከሁለቱም ወገን ነው። ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ በተፈቀደለት ሥራ ላይ ሲሠራ፣ ከምረቃ በኋላ ያለውን ኦፒቲ ጨምሮ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 በመቶ እና የሜዲኬር 1.45 በመቶ ሊቆረጥበት አይገባም። ተቆርጦ ከተገኘ መጀመሪያ አሠሪውን መልስልኝ ይላል፤ አሠሪው እምቢ ካለ ቅጽ 843ን ከ8316 ጋር ለአይአርኤስ ይልካል።

ወለድ እና ዘካ

ነዋሪ ያልሆነ ተማሪ በባንክ ተቀማጩ ላይ ለሚታሰብ ወለድ በአብዛኛው ግብር አይከፍልም። ከግብር ነፃ መሆኑ ግን ሐላል አያደርገውም፤ ሪባ ሪባ ነው።

ዕዳ ያለበት ሰው ከቀኑ ካሳለፈ ወለድና ቅጣት ይታሰብበታል። ቅጽ ባለመላክ ብቻ የሚመጣው ቅጣት በወር 5 በመቶ ሆኖ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ቅጽ 4868 መላኪያውን እስከ ኦክቶበር 15 ያራዝማል፤ መክፈያውን ግን አያራዝምም። በሰዓቱ መክፈል ወለድ ከመክፈልም ያድናል።

የተከፈለ ግብር ዘካን አይተካም። በአሜሪካ ሕግ ለታወቀ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ገንዘብ ደረሰኝ ካለው ከደመወዝ ገቢ ሊቀነስ ይችላል። አገር ቤት ለቤተሰብ የተላከው አይቀነስም፤ ምንዳው ከአላህ ዘንድ ነው።

እርዳታ የት ይገኛል?

በቅድሚያ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ ነዋሪ ላልሆኑ ተማሪዎች የተሠራ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ስፕሪንታክስን፣ ያቀርባሉ። ቪታ የተባለው ነፃ አገልግሎትም አለ፤ ግን ሁሉም ጣቢያዎች 1040-ኤንአር ስለማይሠሩ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ግዛቶችም የየራሳቸው ግብር አላቸው፦ ቴክሳስ የደመወዝ ግብር የላትም፤ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ሚኒሶታ ግን አላቸው። የተላከው ሁሉ ቅጂ ቢያንስ ለ3 ዓመት ይቀመጥ።

ወላሁ አዕለም።