የሕንፃ ሥራ ትምህርትና የገጠር ትምህርት ቤት

ትምህርት ከመምህርና ከመጽሐፍ ቀጥሎ ቤት ያስፈልገዋል። የሚያፈስ ጣራ ደብተር ያበላሻል፤ መስኮት የሌለው ክፍል ዓይን ያደክማል፤ በክረምት ዝናሙ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ከፊተኛው ወንበር አልፎ አይሰማም። ይህን ሁሉ መምህራን ያውቁታል። ይሁን እንጂ የትምህርት መስፋፋት ታሪክ ሲጻፍ ስለ መምህራን ማሠልጠኛና ስለ መጻሕፍት ብዙ ይነገራል እንጂ፣ የማስተማሪያውን ቤት ያቀደውና የሠራው ሰው ሙያውን ከወዴት እንዳገኘ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ የሕንፃ ሥራ ትምህርት ታሪክ ግን ከገጠሩ ትምህርት ቤት ታሪክ ጋር እጅግ የተያያዘ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢትዮጵያ የመገንባትን ጥበብ ከሌላ ተውሳ የጀመረች አገር አይደለችም። የአክሱም ግንበኞች ድንጋይንና እንጨትን እያፈራረቁ ግድግዳ ያቆሙ ነበር፤ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚታየው የእንጨት ጫፍ «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ወጥቶለታል፤ የአሠራሩም ምሳሌ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ይታያል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው ወጥተዋል። በ17ኛው መቶ ዓመት የዐፄ ፋሲል ግንብ በጎንደር በድንጋይና በኖራ ተገንብቷል። ከእነዚህም ከታላላቆቹ ሥራዎች ሌላ፣ አብዛኛው ሕዝብ የኖረበት የጭቃ ቤት ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው፤ ቋሚው ይተከላል፣ ማገሩ ይማገራል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ይመረጋል።

ይህ ሁሉ ሙያ የሚወረሰው በሥራ ቦታ ነበር። ልጁ ለጌታው ድንጋይ እያቀበለ፣ እንጨት እየላገ፣ በክንድና በስንዝር እየለካ ያድጋል። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አነጋገር ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ተስማሚ ነው። ጥቅሙም ግልጥ ነው፤ እንዲህ የተማረ ሰው የእንጨቱን ዓይነት በሽታው፣ የጭቃውን መብሰል በእጁ ያውቀዋል። ጉዳቱም እንዲሁ ግልጥ ነው። በልብ የተያዘ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በአንድ ወረዳ የተደረሰበት መልካም ዘዴ ለሌላው ወረዳ አይደርስም፤ በአንዱ ቤት ላይ የታየው ስሕተትም ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ቤት መማሪያ አይሆንም።

ከዚህ የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ደግሞ ባለ እጅን መናቅ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው በሙያው እየተሰደበ ይኖር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1908 ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በዐዋጅ ከለከሉ። በዚያው ዓመት በስማቸው የተጠራው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። እነዚህ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት መዋላቸው ቢያስደስትም፣ ለብዙ ጊዜ ሳይገናኙ ቀርተዋል። ዐዋጁ የእጅ ሥራን ሲያከብር፣ ትምህርት ቤቱ ግን በይበልጥ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ጸሐፊዎችንና አስተርጓሚዎችን ለማውጣት የታሰበ ነበር። በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹን በብዛት የመራው ወደ ቢሮ ሥራ ነው። በዚያን ዘመን አዲሲቱ ከተማ ስትሠራ፣ እንደ ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ያሉ መሐንዲሶችና ከሕንድ፣ ከአርመን፣ ከግሪክና ከጣሊያን የመጡ ባለ ሙያዎች የሥራው መሪዎች ሆኑ፤ ኢትዮጵያዊው በአመዛኙ ድንጋይ አቀባይ ሆኖ ቀረ።

አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ የትምህርት ሥራ እንደ ገና ተጀመረ። በ1942 በአዲስ አበባ የተከፈተው የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት እንጨት ሥራንና ብረታ ብረትን የመሳሰሉትን ሙያዎች ከሰሌዳና ከመለኪያ ጋር አገናኝቶ ማስተማር ያዘ። በ1947 ደግሞ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር እንዲከፈል ታወጀ፤ ገንዘቡም ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ተወሰነ። በ1950 የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የምህንድስና ኮሌጅም ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተከተለው። ይሁን እንጂ በመሐንዲሱና በግንበኛው መካከል ሰፊ ባዶ ቦታ ነበር። ፕላን አንብቦ ሥራውን የሚመራ፣ የአፈሩንና የሲሚንቶውን ጠባይ የሚያውቅ፣ ከሠራተኛው ጋር በቋንቋው ተነጋግሮ ቱንቢና ውኃ ልክ የሚያሳየው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር።

ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት በ1954 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተዋውለው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። የሁለቱ አገሮች ግንኙነት አዲስ አልነበረም፤ የስዊድን መኮንኖች በ1934 የተቋቋመውን የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት መርተው ነበር። ስዊድንም የቴክኒክ ርዳታዋን መጀመሪያ ከሰጠቻቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በአዲስ አበባ በልደታ የሚገኘው ይህ ተቋም በሕዝቡ ዘንድ «ሕንፃ ኮሌጅ» በመባል ታወቀ።

የተቋሙ ሥራ በሦስት የተከፈለ ነበር። የመጀመሪያው የሕንፃ ባለ ሙያዎችን ማስተማር፣ ሁለተኛው ለግንባታ የሚውሉ ዕቃዎችን መመርመር፣ ሦስተኛው ለአገሩ የሚስማማ አሠራርን ማጥናት ነው። ትልቁ ቁም ነገር ሦስቱ በአንድ ግቢ መሆናቸው ነበር። ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን በመመርመሪያው ክፍል ይፈትነዋል። ለምሳሌ ያህል፣ ልምድ ያለው ግንበኛ ኮንክሪት በቀላሉ እንዲፈስለት ውኃ ያበዛበታል፤ ሥራውም ለጊዜው ያማረ ይመስላል። ነገር ግን ከዚያው ኮንክሪት ናሙና ተወስዶ፣ 28 ቀን ቆይቶ በመጭመቂያ ሲፈተን፣ ትርፍ ውኃ የገባበት ቀድሞ ይሰበራል። አሸዋው ጭቃ ያለበት እንደ ሆነም እንዲሁ ይደክማል። «ውኃ አታብዛ» ሲባል የሰማና ናሙናው ሲሰበር በዓይኑ ያየ ሰው እኩል አይማሩም። ከልብ ወደ ወረቀት የተሸጋገረ ሙያ ማለት ይህ ነው፤ የጌታውን ቃል በፈተና አጽንቶ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ ላላየው ሰው ማስተላለፍ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ከተናቀው ከጭቃ ቤት የተገኘው ነው። የውጭ አገር መጽሐፍ የተጻፈው ስለ ጡብ፣ ስለ ብረትና ስለ ኮንክሪት ነው። የአገሩ ሕዝብ ግን በእጁ የነበረው አፈር፣ ባሕር ዛፍ፣ ጭድና ድንጋይ ነበር፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሩቅ መንገድ ተጭነው በውድ ዋጋ ይደርሱታል። ስለዚህ የርካሽ ቤት አሠራር ጥናት ከተቋሙ ሥራዎች አንዱ ሆነ። የጭቃ ቤት ቶሎ የሚያረጀው ጭቃ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። አፈር ውስጥ የተቀበረው ቋሚ እርጥበት ይገባውና ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይበላዋል፤ ከጣራው የሚወርደው ውኃ መሬት ነክቶ ሲረጭ የግድግዳውን እግር ይሸረሽራል። እንግዲህ ግድግዳው ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢያርፍ፣ የጣራው ክፈፍ ወደ ውጭ ቢረዝም፣ ውኃውም በቦይ ቢወገድ፣ ያው ጭቃ ብዙ ዘመን ይኖራል። ዋልካ በሚባለው ጥቁር አፈር ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ አፈሩ በክረምት እንደሚያብጥ፣ በበጋ እንደሚሰነጣጠቅ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሠራው ቤት ሲሚንቶ ቢበዛበትም ይሰነጠቃል።

1961 ለዚህ ትምህርት ልዩ ዓመት ነበር። በዚያ ዓመት አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት ያቀደው የአፍሪካ አዳራሽ በአዲስ አበባ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ባለ ሥልጣኖች በዚህችው ከተማ ተሰብስበው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 1980 ድረስ ለሕፃናት ሁሉ እንዲዳረስ ግብ አቆሙ። በታኅሣሥ ወርም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርስቲ ሲመሠረት ሕንፃ ኮሌጅ ከክፍሎቹ አንዱ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓይነት የሕንፃ ጥያቄ ቀረበ ማለት ነው። አንደኛው የዓለምን ዓይን የሚስብ አንድ ታላቅ አዳራሽ ነው። ሁለተኛው በየቀበሌው የሚያስፈልገው፣ ማንም አርክቴክት የማይታወቅበት፣ ቍጥሩ በሺህ የሚቈጠር የመማሪያ ክፍል ነው። አዳራሹን አንድ ሊቅ ከጥቂት ረዳቶች ጋር ሊያቅደው ይችላል፤ ሺሁን ክፍል ግን የተማሩ ብዙ የሥራ መሪዎች ካልተነሡ በቀር ማንም አይሠራውም።

በ1960ዎቹ አጋማሽ በትምህርት ሚኒስቴር ሥር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ሥራ ክፍል ተቋቁሞ፣ በስዊድን ርዳታ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ተነሣ። የሥራው ዘዴ ቀላል ነበር። ፕላኑ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ በየጊዜው አዲስ ንድፍ እየተነደፈ ገንዘብ አይባክንም። የቀበሌው ሕዝብ በገንዘብ፣ በዕቃና በጉልበት ያዋጣል፤ በአካባቢው የማይገኘው ዕቃና የሥራው ተቆጣጣሪ ከመንግሥትና ከርዳታው ይመጣል። በዚህ መንገድ በየጠቅላይ ግዛቱ በሺህ የሚቈጠሩ የመማሪያ ክፍሎች ተሠሩ። ብዙ የገጠር መምህራን የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የሰጡት በእነዚህ ክፍሎች ነው። ከ1964 ጀምሮም የዩኒቨርስቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት በየአውራጃው እንዲያገለግሉ ሲደረግ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት ስለ ተመደቡ፣ የገጠሩን ትምህርት ቤት ከጣራው እስከ ወለሉ ለማወቅ ዕድል አገኙ።

ለመሆኑ ቀላል የሚመስለው የመማሪያ ክፍል ምን ዓይነት እውቀት ይጠይቃል? መስኮቱ በሁለቱ ረጃጅም ግድግዳዎች ላይ እንደ ሆነ አየሩ ይተላለፋል፤ ብርሃኑም በደብተሩ ላይ ያርፋል። ጣራ ተሸካሚው እንጨት እጅግ ተራርቆ ቢቀመጥ ቆርቆሮው ይጎብጣል፤ ያለ መጠን ቢቀራረብ ደግሞ ለሌላ ክፍል የሚበቃ እንጨት በከንቱ ያልቃል። አንድ ስንዝር ስሕተት በአንድ ቤት ላይ ጥቂት ነው፤ ያው ስሕተት በሺህ ክፍል ሲደገም ግን ብዙ ትምህርት ቤት የሚያሠራ ሀብት ነው። ስለዚህ የሒሳብ ትምህርት ለድኻ አገር ቅንጦት አይደለም፤ ሀብታም ስሕተቱን በገንዘብ ይሸፍናል፣ ድኻ ግን ከመጀመሪያው በትክክል መለካት አለበት።

አሠራሩ ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ትምህርት ቤቱ በመዋጮ የሚሠራ ከሆነ፣ ማዋጣት የሚችለው ቀበሌ ቀድሞ ያገኛል፤ ድርቅ የመታው ወይም ከመንገድ የራቀው ወደ ኋላ ይቀራል። ቤቱም ከተመረቀ በኋላ የሚጠግነው ባለ ሙያ በአካባቢው ከሌለ፣ አንዲት የተነቀለች ቆርቆሮ ክፍሉን በጥቂት ክረምት ታፈርሰዋለች። ይህ ጉድለት የሚያሳየው በዋና ከተማ አንድ ኮሌጅ መኖሩ ብቻ እንደማይበቃ ነው። ሙያው ወደ አውራጃውና ወደ ወረዳው መውረድ ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ1969 ሕንፃ ኮሌጅና የምህንድስና ኮሌጅ ተዋሕደው የዩኒቨርስቲው የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ሆኑ። የልደታው ግቢ ከ2009 እስከ 2010 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት በሚል ስም እንደ አዲስ ተደራጀ። ከ1994 የትምህርትና የሥልጠና ፖሊሲ ወዲህም የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች በየክልሉ ተስፋፉ፤ በ1942 የጀመረው ተግባረ ዕድም ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ለመሆን በቃ። ግንበኝነትን፣ አናጺነትንና የሕንፃ ሥራ አመራርን ቀድሞ ከአዲስ አበባ ውጭ ለመማር ለማይችለው ወጣት በአቅራቢያው በር ተከፈተለት።

በሩ መከፈቱ ግን ብቻውን አይበቃም። ጎበዝ ተማሪ ወደ ሌላ ትምህርት እንዲሄድ፣ ደካማው ወደ ሙያ እንዲገባ የሚመክር ወላጅና መምህር እስካለ ድረስ፣ በ1908 በዐዋጅ የተከለከለው ንቀት መልኩን ለውጦ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ይኖራል። በነጥብ ተረፈ ምርት የሆነ ተማሪ ብቻ የሚላክበት ሙያ፣ ነገ ልጆች የሚቀመጡበትን ጣራ የሚሸከም ሙያ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ስለዚህ የሙያ ኮሌጆችን የሚመሩ ሰዎች ከ1954ቱ ተቋም የሚወስዱት ምሳሌ አለ። ይኸውም ሦስቱ ነገሮች እንዳይለያዩ መጠበቅ ነው፤ ተማሪው የሚማርበት ክፍል፣ ዕቃው የሚፈተንበት ቤት፣ ጥናቱ የሚያገለግለው ሕዝብ። መፈተኛ የሌለው ኮሌጅ የሰማውን ብቻ ያስተምራል፤ ሕዝቡን የማያውቅ መፈተኛም ማንም የማይገዛውን ዕቃ ሲመረምር ይኖራል። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን በበኩላቸው የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርታቸውን ከራሳቸው ትምህርት ቤት ሕንፃ ሊጀምሩ ይችላሉ። ተማሪዎቹ የክፍላቸውን ጣራ ዘንበልታ ይለኩ፤ ግድግዳው የተሰነጠቀበትን ምክንያት ይመርምሩ፤ የክረምቱ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ ይከታተሉ። ያገኙትንም ይጻፉት፤ ከዚያም መሰላልና መዶሻ ተሰጥቷቸው፣ አዋቂ ሰው እየመራቸው፣ ክረምቱ ሳይገባ የተነቀለችውን ቆርቆሮ መልሰው ይምቱ።