የጠራ ምስል ታሪክ፦ ከኢብኑል ሀይሠም እስከ ራጉኤል



ውድ አድማጮቻችን፣ በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ይዘንላችሁ የቀረብነው በየቤታችን ስለሚቀመጠው ፎቶግራፍ ነው። ምስልን ስለማንሳት ዑለማዎች ያሉትን ለባለቤቶቹ እንተወውና እኛ አንድ ነገር ብቻ እንጠይቅ፤ ፎቶ አንሺ ምስሉ መጥራቱን በምን ያውቃል?

ጥያቄውን ያስነሳብን በአንድ ዘመዳችን ኒካሕ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ቤቱ ከራጉኤል ብዙም አይርቅም፤ የታላቁ አንዋር መስጊድ አዛን እቤት ድረስ ይሰማል። ፎቶ ያነሳው ወጣት የቤተሰብ ወዳጅ ነው። ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ገዝቶ፣ የውስጡን የፎከስ ስክሪን በሌላ ተክቶት ነበር። ያን ቀን ፎከስ ያደረገው ሌንሱን በእጁ እያዞረ ነው። በካሜራው ማያ ሲመለከት ሁሉም ጥርት ብሎ ታየው። ማታ በኮምፒዩተር ሲከፈት ግን የአያታችን ፊት ደብዝዞ፣ ከኋላቸው ያለው የመጋረጃ አበባ ፍንትው ብሎ ወጣ። አያታችን ፎቶ የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ለሙሽራዋ ሲሉ ነው እሺ ያሉት። ዓመት ሳይሞላ ወደ አኼራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። የቀረልን ምስል ያ ብቻ ነው።

ወጣቱ ዋሽቷል? አልዋሸም። ዓይኑ ታሟል? አልታመመም። ታዲያ ጥፋቱ የት ነው? መልሱን ለማግኘት አንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ።

አቡ ዓሊይ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም በ354 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ965) ገደማ በባስራ ተወለደ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት ወደ ግብፅ የሄደው የዓባይን ውኃ መቆጣጠር ይቻላል በማለቱ ነው። ከአገራችን ደጋ ተነሥቶ በየክረምቱ ግብፅን ያጥለቀልቅ የነበረውን ያንን ውኃ ማለት ነው። ወንዙን በዓይኑ አይቶ ግን እንደማይቻል አመነ። በኋላ በአል-አዝሀር መስጊድ አጠገብ እየኖረ፣ መጻሕፍት እየገለበጠ ይተዳደር ነበር ይባላል። አል-አዝሀር ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ከአገራችን ለዒልም የተሰደዱ ደረሶች ኋላ ላይ የጀበርት ሪዋቅ የተባለ ማደሪያ ነበራቸው።

በዚያ በግብፅ ኑሮው ኪታቡል መናዚር የተባለውን ባለ 7 ክፍል ሥራ ጻፈ። ከእርሱ በፊት ብዙ ሊቃውንት ዓይን ጨረር እየላከ ያያል ይሉ ነበር። እርሱ ግን ብርሃን ከሚታየው ነገር ተነሥቶ ወደ ዓይን እንደሚመጣ አስረዳ። ብርቱ ብርሃን ዓይንን ማሳመሙን እንደ ማስረጃ አቀረበ። ከአንዲት ቀዳዳ ፊት ለፊት ብዙ መብራቶችን ደረደረ፤ ከቀዳዳዋ ወዲህ ባለው ጨለማ ቦታ ግድግዳ ላይ እንደ መብራቶቹ ብዛት የብርሃን ነጠብጣቦች ታዩ። አንዱን መብራት ሲጋርደው የዚያው ነጠብጣብ ብቻ ጠፋ። ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚጓዝ እንዲህ በሙከራ አሳየ። መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1572 በባዝል ከተማ ታተመ።

ካሜራ ማለት ያ ጨለማ ቦታ በሳጥን ሆኖ ነው። በቀዳዳው ላይ ሌንስ ሲገባ ምስሉ ደመቀ፤ ነገር ግን አዲስ ችግር መጣ። ሌንስ ምስሉን የሚያጠራው በአንድ ልክ ርቀት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሳጥኑ ጀርባ ጭጋጋማ ብርጭቆ ተገጠመ። ፎቶ አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ፣ የተገለበጠውን ምስል በብርጭቆው ላይ እያየ ያጠራል፤ ከዚያ ብርጭቆውን አንሥቶ በዚያው ስፍራ ብርሃን የሚቀዳውን ሰሌዳ ያስገባል።

ወደ አገራችንም በዚህ መልክ ነው የገባው። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። በ1883 ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በሐረር ፎቶ አንሥቷል። በአዲስ አበባም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ።

ቀጥሎ የመጣው ባለ መስተዋት ካሜራ ነው። ከሌንሱ ጀርባ በ45 ዲግሪ ያዘመመ መስተዋት ምስሉን ወደ ላይ፣ ወደ ትንሽዋ ጭጋጋማ ስክሪን ይልካል። በላይዋ ያለው ብርጭቆ የተገለበጠውን አቅንቶ ለዓይን ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ስክሪኑ እንደ ሥራው የሚቀያየር ነበር። በብዙ ካሜራዎች ስክሪን መሐል የተሰነጠቀ ክብ ነበረች፤ ምስሉ ካልጠራ ቀጥ ያለው መስመር ለሁለት ተቆርጦ ይታያል፣ ሲጠራ ይገጥማል።

በ1985 ሚኖልታ 7000 ከወጣ በኋላ ግን ፎከስ ማድረግ የማሽን ሥራ እየሆነ ሄደ። ፋብሪካዎችም ስክሪኑን ለጨለማ ሌንሶች እንዲደምቅ አድርገው ሠሩት፤ የተሰነጠቀችው ክብም ቀረች። ድምቀቱ ግን ዋጋ ነበረው። ብርሃን በሰፊው በሚያስገባ ሌንስ ሲታይ፣ የደበዘዘውም የጠራ ይመስላል። በዚህ ምክንያት በእጅ ማጥራት የሚወዱ ሰዎች ስክሪኑን መለወጥ ጀመሩ። በ2005 የወጣው ካኖን 5ዲ እንኳ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሻካራ ስክሪን ነበረው። ዛሬ መስተዋት የሌላቸው ካሜራዎች ምስሉን ከመቅጃው ላይ በቀጥታ ስለሚያሳዩ ይህ ጣጣ ቀርቶላቸዋል፤ ያገለገሉ ባለ መስተዋት ካሜራዎች ግን አሁንም በብዙ ሰው እጅ አሉ።

እንግዲህ የአያታችን ፎቶ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ከሌንሱ እስከ ስክሪኑ ያለው መንገድ፣ ከሌንሱ እስከ ምስል መቅጃው ካለው መንገድ ጋር እኩል መሆን አለበት። ስክሪኑ በወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ዓይን የሚያየውና ካሜራው የሚቀዳው ይለያያሉ። ለዚህ ነው ከስክሪኑ ጋር ስስ ማስተካከያ ንጣፎች የሚገቡት። የመርካቶ ነጋዴ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል፤ የተዛባ ሚዛን የያዘ ሰው ልቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚሰፍረው ጎደሎ ነው። ንጹሕ ልብ ሚዛኑን ከመፈተሽ አያድነውም።

ፍተሻውም ቀላል ነው። ካሜራውን በማይነቃነቅ ቦታ አስቀምጡ። ማስመሪያ አጋድማችሁ፣ ሌንሱን በሰፊው ከፍታችሁ፣ አንዷን ቁጥር በእጅ አጥርታችሁ አንሡ። በምስሉ ላይ ሌላ ቁጥር ከጠራ ስክሪኑ ተዛብቷል። ወጣቱ ይህን የሞከረው ከኒካሑ በኋላ ነው። ስክሪኑን አስተካክሎ ሲያበቃ እኛ ቤት መጥቶ አውፍ በሉኝ አለ፤ እኛም አውፍ አልነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ሠርግ ከመያዙ በፊት ማስመሪያውን እንደሚያወጣ ነግሮናል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ኢብኑል ሀይሠም የቀደሙትን ሊቃውንት ቃል እንኳ ሳይፈትሽ አልተቀበለም። በእጃችን የገባውን መሣሪያ ለመፈተሽ የእኛ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ነው። የሌላ ሰው አማና ከመቀበላችን በፊት ያችን ግማሽ ሰዓት አንሰስት። የአያታችንን ፎቶ አልጣልነውም፤ ፊታቸው ባይጠራም የነጠላቸው አጣጣል ይታወቃል።

ወላሁ አዕለም።